ቤቴ ቢሾፍቱ፣ ልቤ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች፤

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳር ነኝ፣ የ9 ዓመት ሴትና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት አከራያችን «ኪራይ ጨምሩ፣ ካልሆነ ልቀቁ» ሲለን ባለቤቴ «ለምን ቢሾፍቱ አንገባም?» አለ። እዚህ ባነሰ ብር ግቢው ሰፊ የሆነ ሦስት ክፍል ቤት አገኘን። አቮካዶና ሎሚ አለው፣ ልጆቹ እንደ ልባቸው ይሮጡበታል። የሚያየን ሁሉ «ታድላችሁ» ይለናል።

እኔ ግን አልሆነልኝም። የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ትንሹን ትቼ መመላለስ ስላልቻልኩ ሥራዬን ለቀቅኩ። ባለቤቴ የሚሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ይወጣል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ይገባል። ሲገባ ልጆቹ ተኝተዋል። እራቱን በልቶ ወሬ ሳንጀምር እንቅልፍ ይጥለዋል። ጎረቤቶቼ ክፉዎች አይደሉም። ግን ሰብሰብ ብለው በኦሮምኛ ሲጫወቱ እኔ ፈገግ ብዬ ከመቀመጥ ሌላ የማደርገው የለኝም። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ አንዳንዴ በሩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

እሑድ እሑድ ሁላችንም አዲስ አበባ እንሄዳለን። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ደም ብዛትም አለባት። ዕድራችንም፣ ቤተ ክርስቲያኔም፣ ጓደኞቼም እዚያ ናቸው። ማታ ስንመለስ ገና ቃሊቲ ሳንደርስ ሆዴ ይባባል። ጓደኞቼ ደግሞ «ገጠሩ እንዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ያመኛል።

አሁን የባሰው መጣ። አንድ ደላላ ለባለቤቴ «አዲሱ አየር ማረፊያ ከሚሠራበት አጠገብ 200 ካሬ መሬት አለ» ብሎታል። መሬቱ የገበሬ ነው፣ «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ይላል። ባለቤቴ ያጠራቀምነውን በሙሉ ሊሰጥ ቆርጧል። እኔ እምቢ ስለው «አንቺ ድሮም ይህን ከተማ ለመልመድ አልፈለግሽም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳርፈናል።

ልጆቼን ይዤ እናቴ ጋ ልመለስ? ወይስ ልታገስ? እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከቢሾፍቱ

መልስ

እህቴ፣ ከመሬቱ እንጀምር። ሌላው ሁሉ ጊዜ ይሰጠናል፣ እሱ ግን አይሰጥም። ለዚያ ደላላ ቀብድም ሆነ «ለማስያዣ» የሚባል ብር አሁን እንዳይከፈል። እምቢ ማለትሽ ልክ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ለባለቤትሽም እንድትነግሪው። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ መሬቱን መሸጥ ግን አይችልም። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ምስክር ሆኖ የተፈረመ ወረቀት፣ ማኅተም ቢኖረው እንኳ፣ መሬቱን የእናንተ አያደርገውም። ከተማ ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ሥርዓት ነው፣ እሱም በአዋጅ የተደነገገ ነው። የካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ ሕገወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ የሆነውን ታስታውሻለሽ። ቤት ከፈረሰባቸው መካከል ያላቸውን አሟጠው የከፈሉ ሰዎች ነበሩ።

የአየር ማረፊያው ነገር ደግሞ አደጋውን ያብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። አቡሴራ ላይ ለሚሠራው ፕሮጀክት ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው እየተነሱ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በዙሪያው ያለ መሬት ነገ ለመንገድ፣ ለመጋዘን፣ ለሆቴል ሊፈለግ ይችላል። ያኔ ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። በደላላ ወረቀት የያዘ ሰው ማንን ይጠይቃል? ዋጋውም ቢሆን አየር ማረፊያው ተሠርቶ ሳያልቅ ከወዲሁ ተሰቅሏል።

ግን ለባለቤትሽ «አልፈልግም» ብቻ አትበይው። እሱ የሚሰማው «ይህን ከተማ አልፈልግም» ሆኖ ነው። «እሺ፣ እኔም የራሳችን ቤት እንዲኖረን እፈልጋለሁ፤ ካርታ ያለው ቦታ ወይም ቤት ሲገኝ አብረን ሄደን እናጣራለን» በይው። ማጣራት ማለት ደግሞ ይህ ነው፦ የካርታውን ቁጥር ይዛችሁ የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ። በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ትጠይቃላችሁ። ውሉን ውልና ማስረጃ ትፈራረማላችሁ፣ ገንዘቡም ከዚያ በፊት በእጅ አይሰጥም። ደላላው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሌላ ገዢ አለኝ» ካለ ይሂድ። ያጠራቀማችሁት ብር እዚያው ባንክ ይቀመጥ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። እሑድ የምትሉት ቀን የት ሄደ? ባለቤትሽ በሥራ ቀን ከ11 እስከ 3፣ ማለትም 16 ሰዓት ከቤት ውጭ ነው። ልጆቹ ነቅተው የሚያገኙት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። እሑድን ደግሞ ሁላችሁም ለአዲስ አበባ ትሰጣላችሁ። ቅዳሜን አልጻፍሽልኝም፤ ምናልባት እሱ ግማሽ ቀን ይሠራል፣ አንቺ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ አስቤዛ ትገዣለሽ። እንግዲያው በአንድ ዓመት ውስጥ አራታችሁ አብራችሁ ቢሾፍቱ ውስጥ የዋላችሁት ስንት ቀን ነው? ያለመልመድሽ ጥፋት ያንቺ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እናንተ እዚያ ከተማ ውስጥ ታድራላችሁ እንጂ ገና አልኖራችሁበትም። ያልኖሩበትን ደግሞ መውደድም መጥላትም ከባድ ነው።

እና «ልመለስ ወይስ ልታገስ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ሁለቱንም አሁን አልልሽም። በኩርፊያ መሀል ልጆች ይዞ መሄድ ቤት መቀየር ሳይሆን ትዳርን መፈተን ይሆናል፣ ያንን እንዳልፈለግሽ ከአጻጻፍሽ ይታያል። ዝም ብሎ መታገስ ደግሞ በሩን ዘግቶ ማልቀስን ማስረዘም ነው። የምመክርሽ ሌላ ነው። ቀን ቁረጡ። እስከ ግንቦት መጨረሻ በደንብ እንሞክረው፣ ያኔ ተቀምጠን እንወስናለን በሉ። ግንቦት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርት ሰኔ ላይ ይዘጋል፣ የቀጣዩ ዓመት ምዝገባ ክረምት ላይ ነው። ለልጆቹ ትምህርት ቤት መፈለግ ካስፈለገ ጊዜ ይኖራችኋል። አንቺም መጨረሻ የሌለው ነገር ውስጥ እንዳለሽ አይሰማሽም።

በደንብ መሞከር ስል ምን ማለቴ ነው?

መጀመሪያ የባለቤትሽ መንገድ። ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም። ጊዜውን የሚበላው በአብዛኛው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፣ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ከዚያ ደግሞ ሜክሲኮ እስኪደረስ። መናኸሪያ ላይ ሰልፍ ካለ ሌላ ጣጣ ነው። ከቢሾፍቱ በየቀኑ በራሱ መኪና አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው። ነዳጅና የመንገድ ክፍያ ተካፍሎ ከአንዱ ጋር መሄድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ፤ የመሥሪያ ቤታቸው ሰርቪስ እስከ የት እንደሚመጣም ያጣራ።

ከዚህ የተሻለ የሚመስለኝ ሐሳብ አለኝ፣ አትሳቂብኝ። በሳምንት ሁለት ሌሊት እናትሽ ቤት ቢያድርስ? ማክሰኞና ሐሙስ እንበል። ከሜክሲኮ ቂርቆስ በእግር ይደረሳል። እሱ ያርፋል፣ በጊዜ ይተኛል፣ በማግሥቱ በጊዜ ወጥቶ በጊዜ ይመለሳል። እናትሽም ቤቷ ሰው ያድርባታል፣ መድኃኒቷን መውሰዷን የሚያይላት ይኖራል። አማች አማቱ ቤት ማደር እንደሚከብደው አውቃለሁ፣ በተለይ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ። ስለዚህ ሐሳቡን አንቺ ሳትሆኚ እናትሽ ብታነሳው ይሻላል፤ «ልጄ፣ እዚሁ እደር፣ ምን ታደርግ በሌሊት ትንከራተታለህ» ስትለው ደስ ብሎት እሺ ሊል ይችላል። አንቺ በዚያ ሌሊት ብቻሽን መሆን የሚያስፈራሽ ከሆነ ደግሞ ይህን ተይው፣ ሰላምሽ ይበልጣል።

ሁለተኛ እሑድ። እናትሽን ተያት አልልሽም፣ እንዲህ ያለ ምክር አይወጣኝም። ግን ከአራቱ እሑዶች ሁለቱ የቢሾፍቱ ይሁኑ። በቀሩት ሁለቱ ሄዳችሁ እናትሽን ታያላችሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ እሷ ትምጣ። ሐምሌና ነሐሴ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ለትልቅ ሰው ከባድ ነው፣ ቢሾፍቱ ሞቅ ትላለች። ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥታ ፀሐይ እየሞቀች የልጅ ልጆቿን ብታይ ምን ትያለሽ? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ወይስ «እሺ አትልም» ብለሽ ዝም አልሽ? ክትትሏን በተመለከተ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራችሁ የመድኃኒቷን ማዘዣ ይዛ ትመጣለች፣ ልኬቱን አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ማስለካት ይቻላል።

የቢሾፍቱ እሑድ ምን ይደረግበታል ካልሽኝ፣ የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚጎርፍባቸውን ሪዞርቶች እርሺያቸው። ለአንድ ማኪያቶ የሚከፈለው የቤት አስቤዛ ያስጨንቃል። ጨለለቃ ሐይቅ ዳር ግን ሂዱ። ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ዳሩ ሜዳ ነው፣ ከብት ይግጥበታል፣ ወፉ ለጉድ ነው። ልጆቹ ወፍ ሲቆጥሩ እናንተ ሁለታችሁ ትነጋገራላችሁ። ጥብስ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ለወሬ ግን ይመቻል። ያኮረፋችሁትም እዚያ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል።

ሦስተኛው የሰው ነገር ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ዕድርሽ ቂርቆስ ነው ብለሻል። እሱን አትተዪው፣ ግን አሁን ያለሽበት ሰፈር ዕድርም ግቢ። ይህ ለቀብር ብቻ አይደለም። ዕድርተኛ የሆነ ሰው ልቅሶ ሲደርስ ጎረቤት ድንኳን ሲተክል አብሮ ይጠራል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ወጥ ያማስላል፣ ስሙም ይታወቃል። «የአዲስ አበባዋ ሴትዮ» መባልሽ ቀርቶ የልጅሽ እናት ተብለሽ ትጠሪያለሽ። ከጎረቤቶችሽ አንዷን ጠጋ ብለሽ «ዕድር መግባት እፈልግ ነበር፣ ዳኛው ማነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ይህ ጥያቄ ብቻውን «እዚህ ልኖር ነው» ማለት ነው፣ እነሱም እንደዚያው ነው የሚሰሙት።

ቋንቋውስ? ኦሮምኛ አልችልም ብለሽ ፈገግ ማለቱን ተይው። ቢሾፍቱ ላይ አማርኛ የማይሰማ ሰው ብዙ አታገኚም፣ በአማርኛ ብቻ መኖር ይቻላል። ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ቢሮ ስትሄጂ፣ ገበያ ስትወጪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ቡና ላይ የሚወራው ወሬ እንዳያመልጥሽ ያስፈልግሻል። ትልቋ ልጅሽ ትምህርት ቤት መማሯ አይቀርም። ማታ ማታ አንቺ ተማሪ፣ እሷ አስተማሪ ሁኑ፤ የ9 ዓመት ልጅ እናቷን ማረም እንዴት ደስ እንደሚላት ታያለሽ። በማግሥቱ ቡና ላይ «አከም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) ብለሽ ስትገቢ፣ ስትወጪም «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ስትዪ፣ ቢስቁ አብረሽ ሳቂ። ከዚያ በኋላ ወሬውን ራሳቸው እየተረጎሙ ያጫውቱሻል። ሰው ቋንቋውን ለሚሞክርለት ልቡ ይለሰልሳል።

ሥራሽን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣሽ። የሂሳብ ሠራተኛ ሆነሽ ቢሾፍቱ ውስጥ ሥራ የለም ብለሽ ተቀመጥሽ እንዴ? ከገላን ጀምሮ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ ድረስ መንገዱ ዳርና ዳር ፋብሪካ ነው። ዱከም የኢንዱስትሪ ዞን አለ፣ ከናንተ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ቅርብ ነው። የዶሮ እርባታው፣ ሆቴሉ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የአድአን ጤፍ የሚያከፋፍለው ነጋዴ፣ ሁሉም ግብር ሲደርስ መዝገብ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። ሙሉ ቀን መሥራት ካልቻልሽ ለሁለት ለሦስት ነጋዴ በወር እየሄድሽ ሂሳብ መያዝ ትችያለሽ። ትንሹ ልጅሽ 4 ዓመቱ ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ጠዋቱ ያንቺ ነው። በአንድ ገጽ የሥራ ልምድሽን ጽፈሽ በዚህ ሳምንት አምስት ቦታ አድርሺ። መልሱ ቢዘገይም ከተማውን በእግርሽ ታውቂዋለሽ።

ጓደኞችሽ «ገጠሩ» ሲሉሽ ዝም አትበያቸው። «ቀልዱ ይበቃል፣ ያመኛል» በያቸው። ከዚያ ቤትሽ ጥሪያቸው። ከዓመቱ ውስጥ ስንቱ መጥቶ ጠየቀሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ ሁልጊዜ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።

አሁን ደግሞ በቅንነት ልንገርሽ፣ ይህን ሁሉ ሞክረሽ ላይሆን ይችላል። ያኔ መመለስ ነውር አይደለም። አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ ካሁን በፊት የደረሰባችሁ እንዳይደርስ የኪራይ ሕጉን ተጠቀሙበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ አከራይ በፈለገበት ቀን ተነስቶ ኪራይ መጨመር አይችልም። በቃል የተከራየ ሰው ግን ይህን መብቱን ለማስከበር ይቸገራል። ስለዚህ ውሉን ወረዳ ላይ አስመዝግቡ።

መሀል መንገድም አለ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አቃቂ፣ ገላን። ግቢውን ታጣላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ልትወጡ ትችላላችሁ፣ ባለቤትሽ ግን በየቀኑ ሰዓታት ያተርፋል፣ አንቺም እናትሽ ጋ ደርሰሽ ምሳ ሰዓት ላይ ትመለሻለሽ። ቢያንስ አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ኪራዩን ጠይቁ። ስታወዳድሩ ግን ኪራይን ከኪራይ ጋር ብቻ እንዳታስተያዩ። ከቢሾፍቱው ላይ የሱን የወር ትራንስፖርት፣ የእሑዱን ጉዞ፣ አንቺ የተውሽውን ደሞዝ ደምሩበት። በርካሽ ቤት ነው የምንኖረው ያላችሁት ሂሳብ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሂሳቡን አንቺ ሥሪው፣ ሙያሽ ነው። ለባለቤትሽ ወረቀቱን አሳዪው፣ ከክርክር ይልቅ ቁጥሩ ያነጋግራችኋል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፤ መልሱን እስኪጨርስ ሳታቋርጪው። «አንተስ ደክሞሃል?» በይው። እንደኔ ግምት ያ ሰው መሬቱን እንዲህ የተጣደፈለት ስለደከመው ነው። ዓመት ሙሉ ሌሊት ወጥቶ ሌሊት ሲገባ የከረመው ለከንቱ እንዳይሆንበት የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል። «ለመልመድ አልፈለግሽም» ያለሽም በከፊል «እኔ ብቻዬን ነው የምደክመው» ማለቱ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን ጠይቂው።

ስለ ልቅሶሽ ደግሞ። አንዳንዴ ማልቀስ ያለ ነው፣ ሰፈሩን፣ እናቱንና ሥራውን በአንድ ዓመት የተለየ ሰው ይከፋዋል። ነገር ግን በየቀኑ ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም መኖር የሚያስመርር ሐሳብ ብቅ ካለብሽ፣ ግንቦትን አትጠብቂ። ሐኪም ቤት ሄደሽ ልክ እንደ ራስ ምታት በግልጽ ተናገሪ። ለባለቤትሽም ንገሪው፣ በሩን ዘግተሽ እንደምታለቅሺ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ብዙ ነገር አንድ ላይ አወራሁብሽ። ሁሉንም ዛሬ አትጀምሪ። ለዚህ ሳምንት ሦስቱ ይበቁሻል፦ ለደላላው ብር እንዳይከፈል፣ ለባለቤትሽ ያቺ አንድ ጥያቄ፣ ለጎረቤትሽ ደግሞ የዕድሩ ነገር። ሌላው ቀስ ብሎ ይከተላል። ግንቦት ላይ ምን እንደወሰናችሁ ጻፊልኝ፤ ቆየንም በይ ተመለስን፣ መስማት እፈልጋለሁ።